ባቡር የራቀው ድልድይ፦ ስለ አዋሽና ስለ ቀድሞው ምድር ባቡር የብረት ድልድዮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዋሽ ሰባት ደርሶ ወደ ወንዙ ገደል የተመለከተ ሰው ስለ አሮጌው የባቡር ድልድይ ሳይጠይቅ አይመለስም። ያደግሁት በምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ እኔም መልሱን ደጋግሜ ከምናገር በአንድ ቦታ ልጽፈው ወሰንሁ። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ድልድዩን ማን ሠራው? ጣሊያን ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ይህ ስሕተት በጣም የተስፋፋ ነው፤ በአገራችን ያረጀ ድልድይ ሁሉ የጣሊያን ሥራ ይመስለናል። የባቡር መስመሩን የመሥራት ፈቃድ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። የፈረንሳይ ገንዘብና መሐንዲሶች ገቡበትና ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው፤ ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ወደቀ፣ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ ወደ ምዕራብ መጓዝ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የአዋሽ ወንዝ መሻገሪያ የተሠራው እንግዲህ በዚህ በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ጣሊያኖች ለድልድዩ የሠሩለት ነገር ካለ ማፍረስ ነው። በ1933 መጋቢት ወር የእንግሊዝ ጦር ከምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ በሽሽት ላይ የነበረው የጣሊያን ሠራዊት የአዋሽን ድልድዮች አፈረሰ። የእንግሊዝ ጦር ግን ወንዙን ተሻግሮ በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩ መሻገሪያ ከዚያ በኋላ እንደገና ተሠራ። ስለዚህ ዛሬ የምናየውን ሁሉ የምኒልክ ዘመን ብረት ነው ማለትም አይቻልም።

የመስመሩ ድልድዮች ጥቃት ያ ብቻ አልነበረም። በ1969 በሶማሊያ ወረራ ዋዜማ ታጣቂዎች በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ያሉ ድልድዮችን በፈንጂ አፍርሰው መስመሩን ቆርጠውት ነበር። ጠላት ሁልጊዜ የሚመርጠው ድልድይን ነው። የተነቀለ ሐዲድ በቀናት ይተካል፤ የወደቀ ድልድይ ግን ወራት ይፈጃል።

ባቡሩ ለምን ቀረ?

በአንድ ቀን አልቀረም። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ያረጀው ቀስ በቀስ ነው። መለዋወጫ ጠፋ፣ ከሐዲድ መውጣት በዛ፣ ጭነቱን የጭነት መኪናዎች ወሰዱት። መተሐራ ላይ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ ሲያስጨንቅ ኖረ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተጀመረው ጥገናም የታሰበለትን ሳያደርስ ቀረ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ የተቋረጠው በ2000 አካባቢ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ ለተወሰኑ ዓመታት አልፎ አልፎ ባቡር ይንቀሳቀስ ነበር፤ በኋላ እርሱም ቆመ።

አዲሱ ባቡር በአሮጌው ድልድይ ለምን አያልፍም?

አይገባበትም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ አንድ ሜትር ነው። በ2009 መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐዲዱን ማስፋት ይቻላል ቢባል እንኳ ድልድዩ ክብደቱን አይችልም፤ የተሠራው ለቀላል ባቡር ነው። ኩርባዎቹም ለዘገምተኛ ባቡር የተቀየሱ ናቸው፤ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ገደልና ተራራን የሚያልፉት በመዞር ነበርና። አዲሱ መስመር የራሱን መንገድ ቀይሶ፣ የራሱን ድልድዮች ሠርቶ፣ ብዙዎቹን አሮጌ ጣቢያዎች ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። ባቡር መጣ ሲባል ደስ ብሏቸው የነበሩ የጣቢያ ከተሞች ባቡሩን ከሩቅ ብቻ እያዩት ቀርተዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለ ድልድይ ክብደቱን የሚሸከመው እንዴት ነው?

የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም ሳንቃ ጫፍና ጫፉን ይዘው መሐሉ ላይ ልጅ ቢያስቀምጡ ሳንቃው ይጎብጣል። ያን ጊዜ የሳንቃው የላይኛው ፊት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፣ መሐል ለመሐል ያለው እንጨት ግን ብዙም አይደክምም። የብረት ድልድይ ሠሪዎች ይህንን ስላወቁ ብረቱን በብዛት ያስቀመጡት በሚደክምበት ቦታ፣ በላይና በታች ነው። በመካከሉ ሁለቱን የሚያያይዝ ቆሞ የተጋደመ ሰፊ ዝርግ ብረት አደረጉ። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው እጅግ ይጨምራል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ አጥር ቆመው የሚታዩት ረጃጅም የብረት ግድግዳዎች ለሥነ ሥርዓት ወይም ሰው እንዳይወድቅ የተደረጉ አይደሉም፤ ድልድዩ እነርሱው ናቸው።

ርቀቱ ሲረዝም ግን እንዲህ ያለው ግድግዳ ከባቡሩ ይልቅ ራሱን መሸከም ይከብደዋል። ስለዚህ መሐሉን እየቦረቦሩ በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ብረቶች ብቻ ያስቀሩታል። ሦስት ማዕዘን የሚመረጠው ጎኖቹ ካልተሰበሩ በቀር ቅርጹ ስለማይለወጥ ነው። አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ፍሬም በእጅ ገፋ ቢደረግ ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን እንቢ ይላል።

በዚያ ዘመን ብረትን ከብረት የሚያያይዙት በብየዳ አልነበረም። ራስ ያለው የብረት ሚስማር በእሳት ቀልቶ ፍም እስኪመስል ይግላል፤ በቀዳዳው ይገባና ሌላው ጫፉ እየተቀጠቀጠ ሁለተኛ ራስ ይወጣለታል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ዝርጎቹን ብረቶች አጥብቆ ያጣብቃቸዋል። በአንድ ድልድይ ላይ እንዲህ ያሉ ሚስማሮች በሺዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው የሰው ክንድ ያረፈባቸው ናቸው። የድልድይ ስም ሲነሣ የመሐንዲሱና የንጉሡ ስም ይነገራል፤ በዚያ በረሃ እሳት ፊት ቆመው መዶሻ ያነሡት አገር በቀል ሠራተኞች ግን ስማቸው በየትም አልተጻፈም።

ባቡር ካልሄደበት ለምን ይጎዳል? ዕረፍት ላይ አይደለም እንዴ?

አብዛኛው ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበር የማስበው። የድልድይ ጠላት ግን ባቡሩ ብቻ አይደለም። ባቡር ሲኖር ጠባቂም ነበረ። ሠራተኞች ሐዲዱን በእግራቸው እየሄዱ ያያሉ፣ ሚስማሩን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድፍን ይላል። ቀለም ይቀባል፣ አሸዋ ይጠረጋል። ባቡሩ ሲቀር ይህ ሁሉ አብሮ ቀረ። ድልድዩ የተጎዳው ባቡር በማጣቱ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ሰው በማጣቱ ነው።

ዝገቱን እንመልከት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ የዝገቱ መጠን ከቀድሞው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ላይ ላዩን የሆነ ዝገት ያስቀይማል እንጂ ቶሎ አይገድልም። የሚያስፈራው በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል የገባው ነው። ያ ዝገት እያበጠ ብረቶቹን እንደ ሽብልቅ ያለያያቸዋል፣ የሚስማሩንም ራስ ይቆርጠዋል። የቆላው ደረቅ አየር እዚህ ላይ ይረዳናል፤ እርጥበት በሌለበት ዝገት ይዘገያል። ይሁንና በየማዕዘኑ የተጠራቀመ አሸዋና የወፍ ኩስ በዝናብ ወቅት ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም መጀመሪያ የሚበሳው በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። 50 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአዋሽ ፀሐይ ብረቱ ከንጋት እስከ ቀትር በየቀኑ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ለዚህ ሲባል ድልድዩ አንደኛው ጫፉ ታስሮ፣ ሌላው በተንከባላይ ብረት ወይም በሚንሸራተት መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። መቀመጫው አሸዋ ሞልቶት፣ ዝጎ ቢጣበቅ ግን ያ ሁሉ ግፊት ድልድዩን ወደተሸከመው ግንብ ይሄዳል። ግንቡ ይሰነጠቃል። ለዚህ መድኃኒቱ መጥረጊያና ቅባት ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም እርሱ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ድልድዮች የሚወድቁት ከላይ በጭነት ሳይሆን ከታች ጎርፍ የእግራቸውን መሠረት ሲቦረቡረው ነው። አዋሽ ላይ ወንዙ የሚሄደው በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል በተቆረጠ ገደል ስለሆነ ዕድሉ የተሻለ ነው። በድሬዳዋና ከዚያ ወዲያ ባለው ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ወንዞቹ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ናቸው፤ በላይ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት በድሬዳዋ ያደረሰውን እልቂት ያየ ሰው ደረቅ ወንዝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በእንዲህ ያለ አሸዋ ላይ የቆመ የድልድይ እግር ከእያንዳንዱ ክረምት በኋላ ካልታየ ከሥሩ ምን እንደተወሰደ አይታወቅም።

የ1977ቱ አደጋ የደረሰው ድልድዩ ተሰብሮ ነው?

አይደለም። በ1977 ጥር ወር አንድ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ በገደል ላይ ባለ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲድ ወጣ። ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ። 428 ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ ሆኖ ተመዝግቧል። በኩርባ ላይ ባቡርን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ኪሎ ሜትር በሰላም የሚታለፍ ኩርባ በ60 ገዳይ ነው።

ስለዚህ ወደ ስፍራው የምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚያ ገደል አፋፍ ፎቶግራፍ ስትነሡ አጠገባችሁ የቆመው ሰው በዚያ ቀን እናቱን ወይም ወንድሙን ያጣ ሊሆን ይችላል። በምድር ባቡር ቤተሰቦች ዘንድ ይህ አደጋ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

በእግር መሻገር ይቻላል?

አትሻገሩ። የባቡር ድልድይ ወለል የለውም፤ ሐዲዱ በሚያርፍባቸው አግዳሚዎች መካከል ያለው ባዶ ነው፣ ከሥሩ ገደል ነው። አንዱ አግዳሚ እንደ ላላ በዓይን አይለይም። የአካባቢው እረኞች ሲሻገሩ አይታችሁ ይሆናል፤ እነርሱ የትኛውን እንደሚረግጡ ያውቃሉ፣ እናንተ አታውቁም። ደግሞም ድልድይ በአገራችን ጥበቃ የሚደረግለት ተቋም ነው። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት በአካባቢው ያለውን ጥበቃ ወይም ቀበሌውን ጠይቁ። ሰላምታ አስቀድማችሁ በአክብሮት ከጠየቃችሁ ፈቃዱን የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል፤ ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት ግን ጣጣ ያመጣል።

ብረቱን ሸጦ ለሌላ ልማት ማዋል አይሻልም?

ይህንን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ በድኻ አገር የተኛ ብረት ማየት ያንገበግባል። ነገር ግን ከቁርጥራጭ ብረት የሚገኘው ገንዘብ አንድ ጊዜ ይበላል። ድልድዩን ግን ያን ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ስለሌለ መልሶ መሥራት አይቻልም። በዚያ ላይ ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ሐዲድ ነው። የጂቡቲ ጨው፣ የሐረር ቡና፣ የአዲስ አበባ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያለፈው በዚህ ነው። ለእኔ ይህ ቅርስ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለው ሐውልትና ቤተ መንግሥት ብቻ እንዲጠበቅ አይደለም።

ለቆራሌው ሲባል ብሎን የሚፈታ ልጅ ግን ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ድልድይን የሚያፈርሰው የጎደለው ብረት ክብደት ሳይሆን የጎደለበት ቦታ ነው። አንድ መጋጠሚያ ሲፈታ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ ጎረቤቱም ለዚያ አልተሠራም።

ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን ድልድይ ምን አደረጉት?

ሁለት ምሳሌ ይበቃል። አንዱ ቅርባችን ነው። ከምፅዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ዘመን ተቋርጦ ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ኤርትራውያን ከነጻነታቸው በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ጠርተው፣ የተበተነውን ሐዲድ ሰብስበው መስመሩን መልሰው ሠሩት። እውቀቱ ያለው በሽማግሌዎቹ ራስ ውስጥ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም ነበር።

ሌላው በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በሐድሰን ወንዝ ላይ ያለው የፖኪፕሲ ድልድይ ነው። በፈረንጆች 1889 ተከፍቶ በ1974 በእሳት ተቃጠለና ተተወ። ለሠላሳ አምስት ዓመት ባዶውን ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 የእግረኛ መንገድ ሆኖ ተከፈተ። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄዳችሁ እዩት፤ አንድ የተተወ የባቡር ድልድይ ሰው ሲያስብለት ምን እንደሚሆን በእግራችሁ ትረግጡታላችሁ።

ቢጠገን በምን ይጀመራል?

በቀለም አይጀመርም። ቀለም መጀመሪያ የሚታይ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። መጀመሪያ እግሮቹ ይታያሉ፣ ከዚያ መቀመጫዎቹ ይጠረጋሉ፣ ከዚያ የተበሳውና የላላው ይመዘገባል። በዚያ ዘመን የተሠራ ብረት ውስጡ የማይታወቅ ስለሆነ ሳይመረመር አይበየድም፤ ብየዳው ራሱ ስንጥቅ ሊፈጥርበት ይችላል። የተቆረጠ ሚስማር ጠንካራ ብሎን ገብቶለት ይታሰራል። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ደግሞ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ የጥንት የብረት ቀለሞች ብዙውን ጊዜ መርዛማ እርሳስ አለባቸው።

የት ሆኜ ልየው? መቼ?

አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአዳማና በመተሐራ አድርጋችሁ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ አልፋችሁ ትገባላችሁ። በማለዳ ሂዱ፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። መጀመሪያ አሮጌውን ጣቢያ ጎብኙ፤ አጠገቡ የፈረንሳዮች ዘመን ቡፌና ማረፊያ አለ፣ ግቢው ጥላ ነው። እዚያ ሻይ እየጠጣችሁ በዕድሜ የገፋ የምድር ባቡር ሰው ካገኛችሁ ስለ ድልድዩ አትጠይቁት። ምን ሥራ ላይ እንደነበረ ጠይቁት። ያን ጊዜ ስለ ድልድዩ ራሱ ይነግራችኋል፤ ፈቃደኛ ከሆነም ድምፁን ቅረጹ፣ ስሙንና የሠራበትን ዓመት ጻፉ። በክረምት ከሄዳችሁ ወንዙ ደፍርሶ ሲያጓራ ከላይ ይሰማል፤ በበጋ ደግሞ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ የግንቦቹም እግር እስከ ታች ድረስ ይታያል።